ብርድ የማይወድ ተክል

«እትዬ ሀረግ፣ ይኼኛውም ኬለር ይውረድ?»

የእድሩ ልጅ ዋሲሁን እጁን የዘረጋው ጥግ ላይ በላስቲክ ተጠቅልሎ ወደ ቆመው ነገር ነው። ሶፋው ምድር ቤት፣ ኬለር፣ ወርዷል፤ የመጻሕፍት መደርደሪያው መኝታ ቤት ገብቷል፤ ከእድሩ የመጡት ታጣፊ ወንበሮች ግድግዳውን ተከትለው ተደርድረዋል። ለቅሶ ቤት ሰፋ ማለት አለበት። ጀርመን አገር፣ ጻይልስሃይም ያለው ይህ ሳሎን ግን ቢገፉትም ቢለማመጡትም ከልኩ አላልፍ ብሏል፤ ይኼ የተጠቀለለ ነገር ደግሞ የሦስት ሰው ቦታ ይዞ ቆሟል።

«እንዳትነካው!» አለች ሀረገወይን።

ድምፅዋ ካሰበችው በላይ ጮኸ። ከጠዋት ጀምሮ «ነይ ተቀመጪ» ሲሏት ስትቀመጥ፣ «እስቲ ይቺን ቅመሺ» ሲሏት ስትቀምስ የዋለች ሴት፣ አሁን ብድግ ብላ በልጁና በተጠቀለለው ነገር መካከል ገብታለች። ማድቤት ይንኳኳ የነበረው ሰሐን ዝም አለ።

«ምንድን ነው እሱ?» አለች ልታስተዛዝን የመጣችው ጽገ፣ እጇን በፎጣ እያደረቀች ብቅ ብላ።

ሀረገወይን የምትለውን አላሰበችበትም። አፏ ቀደማት።

«ተክል ነው። ኦክታቪዮ ከሀገሩ ያመጣው ነው... ብርድ አይወድም።»

ሁሉም ወዲያው አመኗት። ዋሲሁን እንዲያውም የሟች አደራ ነው ብሎ መሰለኝ ኮፍያውን አወለቀ። ጽገ ቀረብ ብላ ላስቲኩን ሳትነካ ዙሪያውን ቃኘችና «ውይ የሳቸው! ይኼማ መኖር አለበት» አለች። ሁለት ወንበር ከቦታው ተነሥቶ ለተክሉ ተለቀቀለት።

ላስቲኩ ሥር እርጥብ አንሶላ አለ። አንሶላው ሥር አንዲት ሴት በርጩማ ላይ ተቀምጣለች፤ ከሸክላ ጭቃ የተሠራች፣ ቁመቷ የአምስት ዓመት ልጅ የሚያህል፣ ልብስ ያልለበሰች። ቀራፂና ሰዓሊ ኦክታቪዮ ቾኬ ሆስፒታል እስከገባበት ቀን የሠራት የመጨረሻ ሥራው ናት። ሴትዮዋም ሌላ ማንም አይደለችም። ሚስቱ ሀረገወይን ናት። በስልሳ ዘጠኝ ዓመቷ፣ መጋረጃው ተዘግቶ፣ ማሞቂያው ተከፍቶ፣ ክረምቱን ሙሉ ፊት ለፊቱ ተቀምጣለታለች።

ያን ቀን ማለዳ፣ ሰው ሳይመጣ፣ ጀርመናዊው ሄር ብራንት ደውሎላት ነበር። ሄር ብራንት የኦክታቪዮን ጭቃዎች በጄሶ ልካቸውን እየወሰደ ወደ ነሐስ ሲያስቀይር ያረጀ ጓደኛው ነው። መጀመሪያ ስልኩ ላይ አለቀሰ፤ ቀጥሎ አፍንጫውን አብሶ ወደ ሥራው ገባ።

«ከሐሙስ በፊት መድረስ አልችልም» አላት። «እስከዚያ በየቀኑ አንሶላውን ግለጪና ውሃ እርጪባት። ከማሞቂያ አርቂያት። በዚያ ላይ ውስጧ ብረት የለም፤ ብረት ለማጠፍ አቅም አጥቶ በእንጨት ነው ያቆማት። ከደረቀች ትሰነጠቃለች። ከተሰነጠቀች ደግሞ አበቃ፣ ሀረግ። ከእሱ እጅ ገና ነሐስ ሳትሆን የቀረችን እሷ ብቻ ናት።»

ምን ይከብዳል? አንሶላ መግለጥ፣ ውሃ መርጨት፣ መልሶ መሸፈን። ሻይ ከማፍላት አይበልጥም። ግን ለዚህ ብቻን መሆን ያስፈልጋል፤ ለቅሶ ቤት ደግሞ ሐዘንተኛ ብቻውን አይተውም። ጽገና አንዲት ጓደኛዋ ፍራሻቸውን ሳሎን ውስጥ፣ ተክሉ እግር ሥር ዘርግተው አብረዋት ያድራሉ። ሽንት ቤት እንኳ ስትገባ «ደህና ነሽ?» እያለ በር ላይ የሚቆም ሰው አላት። በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ያን አንሶላ ከመግለጥ ሞትን ትመርጥ ነበር።

ምክንያቱም አንሶላው ሥር ያለውን እሷም አላየችውም። ከኦክታቪዮ ጋር የቆየ ስምምነት ነበራቸው፤ እቀመጥልሃለሁ፣ ግን አላይም። ነሐስ ሆኖ ከቤት እስኪወጣ ድረስ ሥራውን ቀና ብላ አታየውም። እሱም ከመነሣቷ በፊት ይሸፍነዋል። ሆስፒታል ሊገባ ሰሞን ግን ጭቃ የለበሰ እጁን ጉልበቱ ላይ አሳርፎ ቀና ብሎ አያት።

«አሬጋ» አላት። «ሀ» አይወጣለትም፤ ካገባት ጀምሮ አሬጋ ናት። «የቀረው ፊቱ ነው። ያንቺን ልሥራው?»

ጋዋኗን ደርባ ተነሣችና ወጡን ልታይ ወደ ማድቤት ሄደች። ያረረ ወጥ አልነበረም። ስትመለስ አንሶላው ተሸፍኗል፤ ኦክታቪዮም ስለ ሌላ ነገር ማውራት ጀምሯል። ዝምታዋን እሺ ብሎ ይቁጠረው እንቢ ብሎ ይቁጠረው አልጠየቀችውም። አሁን የሚጠየቅ ሰው የለም። እዚያ ላስቲክ ሥር ያለችው እንዲሁ አንዲት ራቁቷን የተቀመጠች ሴት ልትሆን ትችላለች። ፊቷን ይዛ የተቀመጠችው ሀረገወይን ራሷም ልትሆን ትችላለች።

ሰኞ እትዬ ሸዋረገድ ከከተማው ሌላ ጫፍ፣ ከጊንሃይም መጡ። ሰማንያን አልፈዋል፤ በከዘራ ነው የሚሄዱት። ቢሆንም ባቡርና አውቶቡስ ቀያይረው፣ ደረጃውን እያረፉ ወጥተው፣ በሩ ላይ ሲደርሱ ከዘራቸውን ጣሉና «ወንድሜን!» ብለው ቤቱን በለቅሶ ሞሉት። ሀረገወይን አንገታቸው ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። እያለቀሰችም ዐይኗ ወደ ጥጉ ነበር።

«እዚህ ጋ ይቀመጡ፣ እዚህ ይሞቃል» አለቻቸው ጽገ፣ ማሞቂያው አጠገብ ወንበር ስባ። ከዚያ ሌላ ሐሳብ መጣላት። የተክሉ ማቆሚያ እግሩ ጎማ አለው። በቀስታ እየገፋች አምጥታ ከማሞቂያው ጋር አስጠጋችው፤ ማሞቂያውንም እስከ መጨረሻው አዞረችው። «እሳቸውም በርዷቸዋል፣ እሱም ብርድ አይወድም» አለች ደስ ብሏት።

ሀረገወይን አፏን ከፈተች። ተዪው፣ አርቂው፣ ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅባት። ግን ለምን ቢሏትስ? ከላስቲኩ አንድ ክንድ ራቅ ብለው የተቀመጡት እትዬ ሸዋረገድ ናቸው። ከሰው ሁሉ እሳቸው! አፏን መልሳ ዘጋች።

ነገሩ ከአርባ ዓመት በላይ ሆኖታል። ኦክታቪዮ ያኔ ጀርመን ከገባ ጥቂት ዓመቱ ነበር። ቦሊቪያ ውስጥ የማዕድን ሠራተኞች ማኅበር አዳራሽ ግድግዳ ላይ ትልቅ ሥዕል ሥሎ፣ ወታደሮቹ ሥልጣን ሲይዙ ግድግዳውን በኖራ፣ እሱን በእስር ቤት ሸፈኑት። ከእስር ሲወጣ ተሰደደ። እሷም ከራሷ ሀገር ወታደሮች ያመለጠች ተማሪ ነበረች። ቋንቋ ትምህርት ቤት አንድ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ፤ እሱ ጀርመንኛው አልገባው ሲል የአስተማሪዋን ፊት በደብተሩ ጠርዝ ላይ ይሥላል፣ እሷ ሳቋን መያዝ አቅቷት ከክፍል ትወጣለች። ተጋቡ። እሷ የኬሚካል ፋብሪካው ላቦራቶሪ ውስጥ ሥራ አገኘች፤ እሱ ቀን ቀን ቴአትር ቤት የጄሶ ዓምዶችና የካርቶን ቤተ መንግሥቶች እየሠራ ማታ ማታ የራሱን ይሠራ ነበር።

የመጀመሪያው እውነተኛ ሥራው ፌኸንሃይም ሰፈር፣ ማይን ወንዝ ዳር የሚቆም ሐውልት ነበር። ከወንዝ ወጥታ ድንጋይ ላይ የተቀመጠች ሴት። ሀረገወይን ያኔ ሃያዎቹን አልጨረሰችም፤ ተቀመጠችለት፤ ፊቱም የራሷ ነበር። ሐውልቱ ሲመረቅ አበባ ይዛ ቆማለች። ስሙ ጋዜጣ ላይ ወጣ። እውነቱን ለመናገር በሕይወቷ እንደዚያ ቀን ቆንጆ መሆኗን ያወቀችበት ጊዜ የለም።

ከዚያ አንድ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሰው ሁሉ አዳራሽ ተሰብስቦ ሻይ እየጠጣ፣ ሸዋረገድ ከወዲያ ማዶ ጮክ ብለው «ሀረግዬ! ፌኸንሃይም ወንዝ ዳር ራቁትሽን ቁጭ ብለሽ አየሁሽ፤ አይበርድሽም እንዴ?» አሉ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ቄሱ ወደ ጣሪያው አዩ። ወንዶቹ ወደ ሻያቸው አዩ፤ ከሻያቸውም ቀና ሲሉ ወደ እሷ። ቤቷ ገብታ ለሁለት ቀን አልወጣችም። በሦስተኛው ቀን ኦክታቪዮን «ሁለተኛ ፊቴን እንዳትሠራ» አለችው። «እሺ» አላት። ለምን እንኳ አላለም። ፌኸንሃይምን ከዚያ ወዲያ በእግሯም በትራምም አልረገጠችው።

ማክሰኞ ጋሼ ሳህሉ የሕይወት ታሪኩን ሊያዘጋጁ መጡ። ጡረታ የወጡ መሐንዲስ ናቸው፤ እዚህ ከተማ አፈር የለበሰ ሐበሻ ሁሉ የሕይወት ታሪኩ በሳቸው ድምፅ ነው የተነበበው። መነጽራቸውን አጥልቀው ከጎኗ ተቀመጡ።

«ትውልድ ቦታ?»

«ኦሩሮ፣ ቦሊቪያ። አባቱ ቆርቆሮ ማዕድን ቆፋሪ ነበሩ።» አሰብ አደረገችና ቀጠለች፤ «ማዕድኑ ውስጥ ቆፋሪዎቹ የሚለማመጡት የጭቃ ሰይጣን አለ፤ ሲጋራ ይለኩሱለታል። ቀንዱ ሲሰበር፣ የሰባት ዓመቱ ኦክታቪዮ ነው አዲስ ቀንድ ሠርቶ የገጠመለት። መጀመሪያ የሠራሁት እሱን ነው ይል ነበር።»

ጋሼ ሳህሉ ብዕራቸውን አቆሙ። «ሰይጣኑን እንዝለለው፣ ልጄ። ቄሶቹም ይኖራሉ።»

«እንዝለለው ጋሼ።»

«ሥራቸውስ? ቴአትር ቤት እንደነበሩ አውቃለሁ። እዚያ ምን ነበሩ?»

እዚህ ላይ መናገር ትችል ነበር። ልብ አድርጉልኝ፣ የጠየቋት ሰው ክፉ አይደሉም፤ እውነቱን ብትነግራቸው በደስታ ይጽፉት ነበር። ግን እትዬ ሸዋረገድ ዛሬም መጥተው ያው ማሞቂያ ሥር ተቀምጠዋል፣ ጆሯቸው እንደሆነ እንደ ወጣት ነው። ቀራፂ ካለች ምን ቀረፀ ይባላል። ሴቶች ካለች የቷን ሴት ይባላል።

«ቀለምና ጄሶ» አለች ዝቅ ብላ። «የቀለምና የጄሶ ሥራ።»

ጋሼ ሳህሉ «የቀለምና የጄሶ ባለሙያ» ብለው አሳምረው ጻፉት። ኦክታቪዮ የቀረፃቸው ሴቶች ቦሊቪያ፣ ላ ፓዝ ትልቁ አደባባይ ላይ ቆመዋል። ሥዕሎቹ በአምስት ከተማ ተሰቅለዋል። በሥራዎቹ ላይ መጽሐፍ ታትሟል፤ እዚያ መጽሐፍ ውስጥ አንድ ፕሮፌሰር ስለ ሴቶቹ ረጅም ነገር ጽፏል። ከፌኸንሃይሟ በቀር አንዳቸውም ፊት የላቸውም፤ ከግንባራቸው እስከ አገጫቸው ልሙጥ ናቸው። ፕሮፌሰሩ ይህ ፊት ማጣት በወታደሮቹ ዘመን ተይዘው የጠፉ ሰዎች ሐዘን ነው፣ የስደተኛ ስም የለሽነት ነው እያለ ተመራምሯል። ኦክታቪዮ ያን ገጽ ይዞ ማድቤት ገባና ጮክ ብሎ አነበበላት፤ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። «ምስኪን ፕሮፌሰር!» አለ። «ሚስቴን አያውቃትም!» እሷም አብራው ስቃ ነበር። በዚያ ሳቅ አሁን አፈረች። ሰውየው የዕድሜ ልክ ሥራውን ያለ ፊት የሠራው ለጠፉት አይደለም። ሚስቱ አዳራሽ ውስጥ ስለተሳቀባት ነው።

«ይኼ ተክልስ?» አሉ ጋሼ ሳህሉ ወደ ጥጉ በአክብሮት እያዩ። «መንከባከባቸው ይጻፍ እንጂ?»

ይጻፍ ብላ ራሷን ነቀነቀች። ሌላ ምን ታድርግ?

ያን ዕለት ከሰዓት አንድ ጊዜ ሞክራለች። ሰው ሲሳሳ ውሃ በብርጭቆ ይዛ ወደ ጥጉ ተጠጋች። ግማሽ መንገድ ላይ ጽገ ደረሰችባት።

«እትዬ ሀረግ! ሐዘንተኛ ይሠራል? ይስጡኝ። ተክሉን አጠጥቼዋለሁ እኮ፤ ትላንትም አጠጥቼዋለሁ፣ ዛሬም ጠዋት።»

«እንዴት አድርገሽ?»

«ላስቲኩን ከሥር ከፈት አድርጌ ነዋ! ብርድ እንዳይገባው ቶሎ መልሼ ዘጋሁት።» ጽገ ሽማግሌዎች መንከባከቢያ ቤት ውስጥ የምትሠራ ልጅ ናት፤ እጇ ደግ ነው። ብርጭቆውን ተቀብላ ጎንበስ አለችና ውሃውን ከሥሩ አፈሰሰችው። «ሥሩ ይበቃዋል» አለች።

ሀረገወይን ወንበሯ ላይ ተመለሰች። ከላይ ማሞቂያው ያደርቃታል፣ ከታች ጽገ ታርሳታለች። ሁለቱም ከደግነት ነው። ይህን ያመጣችው አንዲት ውሸት ናት፤ የዋሸችውም እሷ። ሐሙስን ብቻ እያሰበች፣ ኦክታቪዮን ይቅር በለኝ እያለች፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር ብድግ እያለች ዋለች።

ረቡዕ ቤቱ ሞላ። የቀብሩ ቴርሚን፣ ቀጠሮው፣ ገና ለሚቀጥለው ሳምንት ነው፤ ጋሼ ሳህሉ ግን እንደ ልማዳቸው ያዘጋጁትን አስቀድመው ለቤተሰብና ለእድርተኛው ያነቡታል፤ የጎደለ ካለ ይሞላ፣ ስም የተሳሳተ ካለ ይታረም ብለው። ልጇ ፋሲካ ከሀምቡርግ የደረሰችው ልክ ያኔ ነው። የራሷ ትንሽ ልጅ ትኩሳት ይዞት ቀርታ ነበር። ሻንጣዋን ኮሪደር ጥላ፣ ካፖርቷን ሳታወልቅ፣ እናቷን አቅፋ ስታለቅስ ቆየችና ወለሉ ላይ እግሯ ሥር ተቀመጠች።

ጋሼ ሳህሉ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «...አቶ ኦክታቪዮ በቀለምና በጄሶ ሙያ ለረጅም ዓመታት በትጋት ሠርተዋል። ሰው አክባሪ፣ ጨዋታ አዋቂ ነበሩ። ከትውልድ ሀገራቸው ያመጡትን ተክል እንደ ልጅ እየተንከባከቡ...»

«ማማ?» ፋሲካ ቀና አለች። «ምንድን ነው የሚያነቡት? ቫስ ፉር አይን... የምን ተክል?»

«ቆይ፣ በኋላ።»

«በኋላ አይደለም! ፓፓ ቀለም ቀቢ ነው እንዴ?» አማርኛዋ በቁጣ ይደናቀፋል፤ ግን ሰው ሁሉ ሰማት። «ቢልድሃወር ነው! ቀራፂ ነው! ሰዓሊ ነው! ለምን አልነገርሻቸውም?»

ጋሼ ሳህሉ ከመነጽራቸው በላይ ሀረገወይንን አዩአት። ሁሉም አዩአት። ያ የአዳራሹ ዐይን ተመልሶ መጣ፤ አሁን ግን የሳቀ ሰው አልነበረም፣ እሱ ባሰባት።

«ኧረ ተክሉ!» አሉ እትዬ ሸዋረገድ።

ተክሉ ዘመም ብሏል። ላስቲኩ እየተንኮሻኮሸ በቀስታ ወደ ፊት፣ ወደ አሮጊቷ ወንበር፣ ይሰግዳል። ሀረገወይን መቼ እንደተነሣች አታውቅም። ወንበር ገፍታ፣ ሰው ረግጣ ደረሰችና በሁለት ክንዷ አቀፈችው። ክብደቱ ደረቷ ላይ ወደቀ። ከሥር የተነከረው ጭቃ ከጣውላው ላይ እየተንሸራተተ እንደሆነ በጉልበቷ ተሰማት። ዋሲሁን ከጀርባ ያዘ። ፋሲካ ከጎን ያዘች፤ ስትይዘውም አወቀችው።

«ይኼ የፓፓ ነው» አለች፤ ድምፅዋ ወረደ። «ማማ፣ ካልተከፈተ አይሆንም። ሳናየው የት እንደምንደግፈው አናውቅም።»

«እትዬ ሸዋረገድን አንሡልኝ» አለች ሀረገወይን። ከዚያም ለቤቱ ሁሉ፣ «ይኼ ተክል አይደለም» አለች።

ላስቲኩን በገዛ እጇ ቀደደችው። አንሶላው ከላይ እንደ ቂጣ ደርቆ ነበር፤ ስትስበው እየተንኮሻኮሸ ተነሣ። ከታች ደግሞ ረጥቦ ከጭቃው ጋር አብሮ መጣ። ዋሲሁን አንድ ወንበር አጣጥፎ ከፊት ደገፋት። ከዚያ ሁሉም ቀስ እያለ እጁን አነሣና ሴትዮዋ ብቻዋን ቀረች።

ጡቶቿ ወርደው ሆዷ ላይ አርፈዋል። ፋሲካ በቀዶ ጥገና የወጣችበት ስፌት እንኳ እንብርቷ ሥር በቀጭኑ ተሠምሯል። እጆቿ ጉልበቷ ላይ ተዘርግተዋል፤ ደክሟት የተቀመጠች፣ መድከሟን ግን ያልደበቀች ሴት ናት። ከአንገቷ እስከ ትከሻዋ ስንጥቅ ወርዷል። ሀረገወይን ዐይኗን እየጎተተች ወደ ላይ አወጣችው።

ፊት አልነበረም። ከግንባር እስከ አገጭ ልሙጥ ነበር። ኦክታቪዮ ዝምታዋን እንቢ ብሎ ቆጥሮታል። ሊሞት ሲል እንኳ ቃሉን ጠብቋል። ይህን ሁሉ ቀን የዋሸችው፣ ያደረቀችው፣ ያሰነጠቀችው፣ የእሷ መሆኑን ማንም ሊያውቅ የማይችለውን ነበር። አንድ ቃል ነበር የጠየቃት። ሥራው ብትለው ይሠራው ነበር። እንደዚህ ያለ ሀፍረት በሕይወቷ ደርሶባት አያውቅም፤ ከዚህ ሁሉ ሰው አንዱንም አላፈረችውም፤ ያፈረችው እሱን ነው።

ወንዶቹ መሬት መሬት ያያሉ። ጋሼ ሳህሉ ወረቀታቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። ጽገ እጇን አፏ ላይ ጭና «እኔ ነኝ ውሃ ያፈሰስኩባት... እኔ ነኝ» ትላለች። እትዬ ሸዋረገድ በከዘራቸው ተደግፈው ጠጋ አሉና ጭቃዋን ከላይ እስከ ታች አዩአት።

«ማናት ይቺ ሴትዮ?»

ውሸት እንደገና አፏ ላይ መጣ። የሀገሩ ሴት ናት፣ እናቱ ናቸው፣ ማንም አይደለችም። የትኛውም ያስኬድ ነበር።

«እኔ ነኝ» አለች ሀረገወይን።

ወደ እትዬ ሸዋረገድ ዞረች።

«ፌኸንሃይምም ያለችው እኔ ነኝ፣ እትዬ። ያኔ ያዩኝ።»

«የት?»

«ፌኸንሃይም፣ ወንዝ ዳር። አዳራሽ ውስጥ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ራቁትሽን አየሁሽ፣ አይበርድሽም እንዴ ብለውኝ አልነበረም?»

አሮጊቷ ግንባራቸውን ቋጠሩ። ከልባቸው ፈለጉት፤ ሀረገወይን ፊታቸው ላይ ሲፈልጉት አየች። አላገኙትም።

«እኔ?» አሉ። «ፌኸንሃይም ፋብሪካ ሠርቻለሁ፤ አዎ፣ ጥቂት ጊዜ። ሐውልት ግን... ልጄ፣ ብዬም ከሆነ ለጨዋታ ነው። ያኔ የማልቀልድበት ሰው ነበር? ሁሉንም አንድ አንድ ነገር እል ነበር እኮ።» ከዚያ የሀረገወይንን ፊት አይተው ደነገጡ። «ተቀይመሽኝ ነው የኖርሽው?»

«አይ እትዬ» አለች። እውነቷን ነው፤ ለቂም የሚበቃ ነገር አልነበረም። የተናገሩት ረስተውታል፣ የሳቁት ረስተውታል፣ ግማሾቹም ሞተዋል። እሷ ብቻ ናት ያን ቀልድ ከአርባ ዓመት በላይ ቤቷ አስቀምጣ፣ ባሏን ደግሞ በሱ ልክ እንዲሠራ ያደረገችው። ይህን ማሰብ አልቻለችም፤ አሰበችውም።

«ማማ፣ ነገ ሄር ብራንት ይመጣል አይደል?» ፋሲካ ስንጥቁን በጣቷ ሳትነካ ተከተለችው። «እስከ ነገ ካረጠብናት ትተርፋለች። መርጫው የት ነው?»

«ኬለር...» አለ ዋሲሁን። «ከሶፋው ጋር እኔ ነኝ ያወረድኩት።» ደረጃውን ሲሮጥ ድምፁ ተሰማ።

ጽገ እያለቀሰች ለሀረገወይን ውሃ በብርጭቆ አምጥታላት ነበር፤ ልቧ እንዳይደክም፣ ትጠጣው ብላ። ሀረገወይን ተቀበለችና አፏን ሞላችው። አልዋጠችውም። ልብስ ስትተኩስ እንደምታደርገው ጉንጮቿን ነፍታ ጎንበስ አለችና ውሃውን በቀጭኑ ልሙጡ ፊት ላይ ረጨችው። ጭቃው ጠቆረ። ደግማ አፏን ሞላች፤ ደረቷ ይናወጣል፣ አፏ ውሃ ስለያዘ ግን ለቅሶው መውጫ አጥቷል። ረጨችው። ብርጭቆው ባዶ ሲሆን ዞር ሳትል ወደ ኋላ ዘረጋችው፤ ፋሲካም ሞልታ ሰጠቻት።